የእንጨት ሳጥን ለምን ከባድ ይመስላል? ስለ ልክ፣ ስለ ውፍረትና ስለ ክዳን መስመር

በእጅ የተሠራ የእንጨት ሳጥን መጋጠሚያው ጥብቅ፣ ገጹ ልስልስ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር የጎደለው የሚመስልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሠሪው ራሱ «ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ከበደብኝ» ይላል፤ ምኑ እንደከበደው ግን ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። በእኔ ተሞክሮ ጥፋቱ በአብዛኛው ርዝመቱና ስፋቱ ላይ አይደለም። የግድግዳው ውፍረት፣ ክዳኑ ከአካሉ የሚለይበት መስመርና የጠርዞቹ አጨራረስ አልተስማሙም ማለት ነው። ሦስቱም የሚስተካከሉት በጥቂት ሚሊ ስለሆነ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እየጠራሁ እሄዳለሁ።

ምሳሌ የማደርገው ሳጥን አንድ ነው፦ የኤ5 ወረቀትና ደብተር የሚይዝ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ክዳኑ በማጠፊያ የሚከፈት። የእናንተ ሳጥን ትልቅም ይሁን ትንሽ የስሌቱ መንገድ ያው ነው።

ልኩ ከውስጥ ይጀምራል

መጀመሪያ የሚለካው በሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ነው። ኤ5 ወረቀት 210 በ148 ሚሊ ነው፤ ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል 1.42 ይመጣል። በየጎኑ 6 ሚሊ ለጣት ማስገቢያ ሲተውለት የውስጡ ቦታ 222 በ160 ይሆናል፤ ምጣኔውም ወደ 1.39 ይወርዳል። 10 ሚሊ ግድግዳ ሲዞረው የውጩ ልክ 242 በ180፣ ማለትም 1.34 ይሆናል። ግድግዳው 18 ሚሊ ቢሆን ደግሞ 258 በ196፣ 1.32 ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለርዝመቱም ለስፋቱም እኩል ሚሊ በተጨመረ ቁጥር ቅርጹ ወደ ካሬ ይጠጋል። ከውስጥ ያማረው ልክ ከውጭ የደነደነ የሚመስለው ለዚህ ነው። ግድግዳው በወፈረ መጠን ችግሩ ይብሳል። ካሬ የሆነ ሳጥን ያምራል፣ ረዘም ያለም ያምራል፤ በመካከሉ 1.2 እና 1.3 አካባቢ ያለው ግን ሠሪው ያልወሰነበት ይመስላል።

መፍትሔው ርዝመቱን መሳብና ለተጨመረው ቦታ ሥራ መፈለግ ነው። 180 ስፋት በ1.5 ሲባዛ 270 ይመጣል፤ ከ242 ጋር ያለው ልዩነት 28 ሚሊ ነው። ከዚህ ላይ 6 ሚሊ ለመከፋፈያ ሲውል 22 ሚሊ ይተርፋል፤ ያ በ160 ሚሊ ርዝመቱ እስክሪብቶና እርሳስ የሚተኛበት ክፍል ነው። የውስጡ ልክ 250 በ160፣ የውጩ 270 በ180 ሆነ፤ 3 ለ2 ማለት ነው። ለምጣኔ ሲባል የተጨመረ ባዶ ቦታ ክዳኑ ሲከፈት ያሳጣል። ሥራ ያለው ክፍል ግን ከመጀመሪያው የታሰበ ይመስላል።

ወርቃማው ምጣኔ የሚባለው 1.618 ብዙ ሰው እንደ ሕግ ይይዘዋል። መነሻ ቢሆን አይከፋም፣ ግን ዕቃውን አላስገባ ካለ አልከተለውም። 3 ለ2፣ 5 ለ3፣ 8 ለ5 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች ለመለካትም ለመከፋፈልም ይቀላሉ፤ ዓይንም በ1.6 እና በ1.618 መካከል ያለውን ልዩነት በሳጥን ላይ አይለይም። በአንጻሩ የ8 ሚሊ የውፍረት ልዩነት ወዲያው ይታያል።

ሳጥን ከላይ ነው የሚታየው

በወረቀት ላይ የሳጥኑን ፊት ብቻ ስሎ መወሰን የተለመደ ነው፤ ያን ያየ ዓይን ግን ይታለላል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳጥን የሚታየው ከላይ ወደ ታች፣ በ45 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ማዕዘን ቁመቱ ወደ ሰባ በመቶ ያጥራል፤ 90 ሚሊ ቁመት ለዓይን 64 ሚሊ ያህል ብቻ ነው። የጎኑ ጥልቀትም እንዲሁ ያጥራል፣ የፊቱ ርዝመት ግን ሙሉውን ይቆያል። ስለዚህ በሥዕሉ ላይ ቁመቱ የበዛ የመሰለው ሳጥን በአካል ሲቀመጥ ልከኛ ሊሆን ይችላል፤ በሥዕሉ ላይ ዝርግ ያለው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ከዕቃ ማቅረቢያ አይለይም። ቀድሞ ዓይን የሚገባውም የክዳኑ ገጽ ነው። የክዳኑ ርዝመትና ስፋት፣ በዙሪያው የሚታየው የግድግዳ ጫፍ ውፍረትና የእንጨቱ መስመር (ጅማቱ የሚሄድበት) ከፊቱ ይልቅ ሊታሰብባቸው ይገባል።

ስለዚህ እንጨት ከመቁረጥ በፊት በካርቶን ሙሉ ልኩን ሥሩ። የማሸጊያ ካርቶን ይበቃል፤ በማጣበቂያ ቴፕ ይያዛል። የሚሠራውን እንጨት በሚመስል ቀለም ሸፍኑት፣ ምክንያቱም ነጭ ነገር ከጠቆረ እንጨት ይልቅ ገዝፎ ይታያል። ሳጥኑ በሚውልበት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ቆማችሁም ተቀምጣችሁም እዩት። የክዳኑን መስመር በጥቁር ክር አስራችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ 3 ሚሊ ወደ ላይ፣ 3 ሚሊ ወደ ታች እያንቀሳቀሳችሁ በየቦታው በስልክ ፎቶ አንሱ። ፎቶዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ የትኛው እንደሚሻል ግልጽ ይሆናል። እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ 3 ሚሊ መመለስ አይቻልም።

ቁመትና የክዳን መስመር

ለ270 በ180 ሳጥን 90 ሚሊ ቁመት እመርጣለሁ፤ 3፣ 2፣ 1 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ከታች 5 ሚሊ ጠርዝና 5 ሚሊ የወለል ጣውላ፣ ከላይ ደግሞ 8 ሚሊ የክዳን ጣውላ ሲቀነስ የውስጡ ከፍታ 72 ሚሊ ነው። ለዕቃው የማይበቃ ከሆነ ቁመቱን ወደ 100 አሳድጉት፤ ከ108 ሲያልፍ ግን የጎኑ ገጽ 180 በ108፣ 5 ለ3 ሆኖ ከፊቱ ጋር መፎካከር ይጀምራል። ያኔ ወይ ርዝመቱ አብሮ ማደግ አለበት፣ ወይ ቁመቱን በመስመር መክፈል ያስፈልጋል።

ክዳኑ የሳጥኑን ቁመት እኩል ለሁለት ሲከፍለው ዓይን የቱን እንደሚያስቀድም ያጣል፤ ሲከፈትም ክዳኑ ከብዶ ሳጥኑን ወደ ኋላ ይስበዋል። ጥሩው ቦታ ከጠቅላላው ቁመት ከአራት አንድ እስከ ከሦስት አንድ ነው። ለ90 ሚሊ ይህ ከ22 እስከ 30 ማለት ነው፤ እኔ 26 ላይ አቆማለሁ፣ ለአካሉ 64 ይቀራል። ከታች በኩል ወሰን የሚያበጀው ማጠፊያው ነው። የክዳኑ ጣውላ የሚገባበት ቦይ ከላይ እስከ 8 ሚሊ ድረስ ይወርዳል። ክዳኑ 15 ሚሊ ብቻ ከሆነ ለማጠፊያው ብሎን የሚቀረው 7 ሚሊ ነው፤ 9 ሚሊ ብሎን ደግሞ ቦዩን በስቶ ጣውላውን ከስሩ ይነካዋል። ጣውላው ሲያብጥ የሚሄድበት አጥቶ የሚሰነጠቅ ክዳን ምክንያቱ አንዳንዴ ይኸው ብሎን ነው።

ሳጥኑን ዘግቶ ሠርቶ በኋላ ክዳኑን ቆርጦ መለየት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ የእንጨቱ መስመር ከአካል ወደ ክዳን ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ ሁለቱም በልክ አንድ ናቸው። ግን መጋዙ የሚበላውን አስቡ። የጠረጴዛ መጋዝ ምላጭ 3 ሚሊ ያህል ይወስዳል፣ ማስተካከያው ሌላ 1 ሚሊ። ስለዚህ ጎኖቹ የሚቆረጡት 90 ሳይሆን 94 ሚሊ ሆነው ነው። መጋዙ ከላይ 26.5 ሚሊ ላይ ሲጀምር ለክዳኑ 26.5፣ ለአካሉ 64.5 ይቀራል፤ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሲላግ 26 እና 64 ይገኛል።

ውፍረት

ተልጎ የሚሸጥ ጣውላ ብዙ ጊዜ 18 እና 20 ሚሊ ነው፤ ለመደርደሪያና ለቁም ሣጥን ይሆናል። ያው 270 በ180 ሳጥን በ18 ሚሊ ቢሠራ ውስጡ 234 በ144 ነው፤ 148 ሚሊ የሆነው ወረቀት አይገባም! ለትንሽ ሳጥን የግድግዳው ውፍረት ከረጅሙ ጎን 1/25 እስከ 1/30 ሲሆን ቀለል ብሎ ይታያል። ለ150 ሚሊ ሳጥን 5 ወይም 6፣ ለ270 ከ9 እስከ 11፣ ለ400 ደግሞ ከ13 እስከ 16 ማለት ነው። ከዚህ በታች ከሄዳችሁ ለማጠፊያውና ለቦዩ የሚሆን ሥጋ ያጥራል።

ወፍራሙን ጣውላ ለማቅጠን በአንድ ገጽ በኩል ብቻ መላግ ስህተት ነው። የጣውላው ውስጥና ውጭ እርጥበቱ እኩል ስላልሆነ፣ አንድ ገጽ ብቻ ሲነሳ ጣውላው ወደ አንድ ጎን ይጎብጣል። ከሁለቱም ገጽ እኩል አንሱ። 25 ሚሊ ውፍረት ያለውን ጣውላ ለሁለት ስትሰነጥቁም መጀመሪያ 11 ሚሊ ላይ አቁሙ፤ በመካከሉ ቀጫጭን ጣውላ አድርጋችሁ አየር እንዲዞረው ደርድሩት፣ ለጥቂት ቀናት ይረፍ፣ ከዚያ ወደ 10 አውርዱት። የጎበጠ ካለ በዚያው አንድ ሚሊ ውስጥ ይቃናል።

የእንጨቱ መስመር ዙሪያውን ሳይቋረጥ እንዲሄድ አራቱን ጎኖች ከአንድ ጣውላ በተራ ቁረጡ፦ ፊት፣ ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ። ለምሳሌያችን 900 ሚሊ ነውና የመጋዙን ብክነት ጨምሮ 940 ያዙ። ሦስት ማዕዘኖች ይገጥማሉ፤ አራተኛው አይገጥምም፣ እሱን ወደ ኋላ አድርጉት። አራቱም እንዲገጥሙ ከተፈለገ 470 ሚሊ ርዝመት ያለውን ወፍራም ጣውላ በውፍረቱ ለሁለት ሰንጥቁ፤ የተሰነጠቁት ገጾች ወደ ውጭ ይሁኑ። ከአንዱ ግማሽ ላይ ከግራ ጫፍ ጀምራችሁ መጀመሪያ ረጅሙን ቀጥሎ አጭሩን፣ ከሌላው ግማሽ ላይ ከተቃራኒው ጫፍ ጀምራችሁ እንደገና ረጅሙን ቀጥሎ አጭሩን ቁረጡ። ሁለቱንም ከአንድ ጫፍ የጀመረ ሰው ሦስት ማዕዘኖች ይበላሹበታል። ሲቆረጥ የቁራጮቹን ተራ በእርሳስ ቁጥር መጻፍ አትርሱ፤ ከተቀላቀሉ መልሶ ማግኘት ያታክታል።

መጋጠሚያው መልኩን ይወስናል

የ45 ዲግሪ መጋጠሚያ የውፍረቱን ጫፍ ስለሚደብቅ ሳጥኑን ቀለል ያደርገዋል፤ እኔ ለዚህ ዓይነት ሳጥን የምመርጠው እሱን ነው። ግን ምሕረት የለውም። ማዕዘኑ በሩብ ዲግሪ ቢሳሳት ስምንት ቅርጦች ስላሉ በመጨረሻው ማዕዘን ላይ ስህተቱ ተደምሮ 2 ዲግሪ ይሆናል፤ በ10 ሚሊ ግድግዳ ላይ ግማሽ ሚሊ የሚሆን ክፍተት ይከፍታል። ከማዕዘኑ በላይ የሚጎዳው ግን የርዝመት ልዩነት ነው። ፊትና ጀርባ በግማሽ ሚሊ ከተለያዩ 45 ዲግሪው የቱንም ያህል ልክ ቢሆን አይዘጋም። ትይዩ ጎኖችን በአንድ ማቆሚያ እንጨት ላይ አስደግፋችሁ ቁረጡ፤ ሜትር እየዘረጉ ሁለት ጊዜ መለካት አያስተማምንም። ካጣበቃችሁ በኋላ ኮላው ሳይዝ ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ለኩ፤ ለ270 በ180 ሁለቱም 324.5 ሚሊ መሆን አለባቸው። አንዱ ከበለጠ ረጅሙን ሰያፍ በክላምፕ (በማጥበቂያ) ጠበቅ ማድረግ ነው።

የዚህ መጋጠሚያ ሌላው ድክመት ኮላው ነው። የእንጨቱ ጫፍ ኮላውን ይመጠዋልና መጀመሪያ ስስ ቀብቶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለተኛ መቀባት ይሻላል። ሲደርቅ በየማዕዘኑ ከውጭ በኩል በሰያፍ ስንጥቅ ተከፍቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ቀጭን ቁራጭ እንጨት ይገባበታል። በ10 ሚሊ ግድግዳ ከውጩ ጥግ እስከ ውስጡ ጥግ 14 ሚሊ ነው፤ ስንጥቁን ከ10 አታሳልፉት፣ አለበለዚያ ወደ ውስጥ ይወጣል። ለክዳኑ አንድ፣ ለአካሉ ሁለት ይበቃል። ከክዳኑ መስመር ቢያንስ 8 ሚሊ ይራቁ፤ መስመሩን ተጠግቶ የተቆረጠ ቁራጭ እንደ ጥገና ነው የሚታየው።

ባለ ጥርስ መጋጠሚያ (የሁለቱ ጎኖች ጫፍ እንደ ጣት ተቆርጦ እርስ በርሱ የሚጠላለፍበት) ከተመረጠ ቁመቱ በጥርሱ ስፋት ሲካፈል ጎዶሎ ቁጥር እንዲመጣ አድርጉ፤ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ጥርስ ይሆናል። 90 ለ6 ሲካፈል 15 ነው። ክዳኑ የሚለይበትን ጥርስ፣ ከላይ አምስተኛውን፣ ከ6 ወደ 10 ሚሊ አስፉት። መጋዙና ማስተካከያው 4 ሚሊ ሲበሉ ከላይ 3፣ ከታች 3 ይቀራል፤ ሳጥኑ ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ 6 ሆኖ ይታያል። ክዳኑ 27፣ አካሉ 63 ይሆናል። ይህን ያላሰበ ሰው ሳጥኑ ተዘግቶ ሳለ አንዱ ጥርስ ከሌሎቹ ጠብቦ ያገኘዋል፤ ያን ማረም አይቻልም። ለወለሉና ለክዳኑ ጣውላ የሚወጣው ቦይ ደግሞ ጥርሱን አልፎ እንዳይወጣ ከጫፉ ቀድሞ መቆም አለበት። በርግብ ጅራት ቅርጽ የሚሠራው መጋጠሚያ ላይም ስሌቱ ያው ነው፤ ዘንበሉ ለለስላሳ እንጨት 1 ለ6፣ ለጠንካራ 1 ለ8 ይለመዳል።

የሚታይ መጋጠሚያ ባለበት የክዳኑ ጣውላ ጸጥ ያለ መስመር ያለው ይሁን። ሁለቱም እኩል ሲጮኹ ልኩ ቢያምርም ዓይን ማረፊያ ያጣል።

የክዳኑ ጣውላ

እንጨት በርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፣ በስፋቱ ግን እንደ አየሩ እርጥበት ያብጣል፣ ይኮማተራል። የዕድገት ቀለበቶቹ ከገጹ ጋር ተጋድመው የሚታዩበት ጣውላ፣ ብዙ ጠንካራ እንጨቶች ላይ፣ የውስጥ እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲለወጥ ስፋቱ ከ0.25 እስከ 0.35 በመቶ ይለወጣል። 165 ሚሊ ስፋት ያለው ጣውላ እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢቀየር 2 ሚሊ ገደማ ይንቀሳቀሳል። ቀለበቶቹ ቀጥ ብለው የቆሙበት ጣውላ ወደ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ለክዳን ይህኛውን ካገኛችሁ ያዙት።

ለዚህ ነው ጣውላው ዙሪያውን በኮላ የማይጣበቀው። በጎኖቹ ላይ 4 ሚሊ ስፋት፣ 4 ሚሊ ጥልቀት ያለው ቦይ ከላይኛው ጠርዝ 4 ሚሊ ዝቅ ብሎ ይውጣ። 8 ሚሊ የሆነው ጣውላ ዙሪያውን በግማሽ ውፍረቱ ተነስቶለት 4 ሚሊ ምላስ ይኑረው፤ ምላሱ ቦዩ ውስጥ ሲገባ የጣውላው ገጽ ከጠርዙ ጋር እኩል ይሆናል። ከቦይ ወለል እስከ ቦይ ወለል 168 ሚሊ ነው፣ ጣውላው 165 ይሁን። በርዝመቱ በኩል ከ258 ላይ 257 ይበቃል። ከላይ በጣውላውና በግድግዳው መካከል የሚታየውን ክፍተት ግን በአራቱም ጎን እኩል 1.5 ሚሊ አድርጉት። በእርጥብ ወቅት የምትሠሩ ከሆነ ጣውላው ያበጠበት ጊዜ ነውና 1 ሚሊ ይበቃዋል፤ በደረቅ ወቅት 1.5ቱን አትቀንሱ። ጣውላው ወደ አንድ ጎን እንዳይሸሽ በሁለቱ አጫጭር ጫፎቹ መሐል ላይ ብቻ ጠብታ ኮላ ይደረጋል። የወለሉ ጣውላ 5 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ ስለማይንቀሳቀስ ዙሪያውን ቢጣበቅ ሳጥኑን ያጠነክረዋል።

የጣውላው ጅማት ሁልጊዜ በሳጥኑ ርዝመት ይሂድ። ማበጡ በአጭሩ በኩል ይወሰናል፣ መስመሮቹም ሳጥኑን ያስረዝሙታል።

ጠርዝና መቀመጫ

ብዙ ሳጥን የሚበላሸው በመጨረሻው ሰዓት፣ በራውተር (ጠርዝ በሚቀርጸው የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ነው። በ10 ሚሊ ግድግዳ ላይ 3 ሚሊ ክብ ጠርዝ ከውፍረቱ ሲሶውን ይወስዳል፤ ከላይም ከታችም ከዞረ ሳጥኑ ያበጠ ይመስላል። 1 ወይም 1.5 ሚሊ በ45 ዲግሪ በመላጊያ የተነሳ ጠርዝ ብርሃን ይይዛል፣ እጅም አይቆርጥም። በክዳኑ መስመር ላይ ደግሞ የክዳኑንም የአካሉንም ጠርዝ ከውጭ በኩል ግማሽ ሚሊ አንሱ። ክዳንና አካል ከጊዜ በኋላ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊ መለያየታቸው አይቀርም፤ ያቺ ቀጭን የጥላ መስመር ልዩነቱን ትደብቀዋለች።

ሁለት ገጾች ወይ ፍጹም እኩል ይሁኑ ወይ በግልጽ ይለያዩ። በ1 ሚሊ ወጣ ያለ ክዳን ስህተት ይመስላል፤ በ3 ሚሊ ወጣ ያለ ክዳን ታስቦበት ነው። ተነስቶ የሚቀመጥ ክዳን፣ መከፋፈያ፣ የመቀመጫ ዘንግ ሁሉ በዚህ ይዳኛሉ። የውስጡን መከፋፈያ ከአካሉ ጠርዝ 10 ሚሊ ዝቅ አድርጉት፤ 1 ሚሊ ዝቅ ያለ ከሆነ አጭር የተቆረጠ ነው የሚመስለው።

መቀመጫው ላይ ትንሽ ሥራ ሳጥኑን በጣም ያቀለዋል። ከአካሉ በየጎኑ 5 ሚሊ ገባ ያለ፣ 6 ሚሊ ከፍታ ያለው ዘንግ ከስር ሲደረግ ጥላ ይፈጠርና ሳጥኑ ከጠረጴዛው ከፍ ያለ ይመስላል። ይህ ሲጨመር አጠቃላይ ቁመቱ 96 መሆኑን በካርቶኑ ላይ አስቀድማችሁ እዩት።

ክዳኑን መቁረጥና ማጠፊያ

በጠረጴዛ መጋዝ ሲቆረጥ ምላጩን ከግድግዳው ውፍረት በ1 ሚሊ ዝቅ አድርጉት፤ 9 ሚሊ ማለት ነው። ዙሪያውን የቀረው ስስ ንብርብር ክዳኑን ይዞት ይቆያል። ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ክዳኑ በመጨረሻው ጎን ላይ ተጫጭኖ ምላጩን ይነክሰዋል፣ እጅም አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ጠርዙም ይበላል። የቀረውን በቀጭን የእጅ መጋዝ ወይም በስል ቢላ ለዩት። ከዚያ ቁጥር 120 የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ አጣብቃችሁ ሁለቱንም ጠርዞች አሹ። ከማሸታችሁ በፊት ጠርዙን ሁሉ በእርሳስ አጥቁሩት፤ እርሳሱ ዙሪያውን ሲጠፋ ጠርዙ ቀጥ ብሏል።

ለዚህ ሳጥን 25 ወይም 30 ሚሊ ርዝመት ያላቸው ሁለት የነሐስ ማጠፊያዎች ይበቃሉ፤ ከየጫፉ 40 ሚሊ ገባ ብለው ይቀመጡ። ወደ ማዕዘኑ በጣም የተጠጉ እንደሆነ መጋጠሚያውን ይሰነጥቃሉ፣ ወደ መሐል ከገቡ ክዳኑ ይወላገዳል። የማጠፊያው ማረፊያ ከሚገባው በላይ ከጠለቀ ክዳኑ ከኋላ ተጋፍቶ ከፊት አይዘጋም፤ ከስሩ ወረቀት እየደረባችሁ ከፍ አድርጉት። ካልጠለቀ ከኋላ ክፍተት ይታያል፤ ያኔ በመሮ በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። የነሐስ ብሎን ለስላሳ ስለሆነ በጠንካራ እንጨት ውስጥ ይቆረጣል፤ ቀዳዳውን አስቀድማችሁ ብሱ፣ በተመሳሳይ ልክ የብረት ብሎን መጀመሪያ አስገብታችሁ አውጡ፣ ከዚያ ነሐሱን ሰም ቀብታችሁ አስገቡ።

መዝጊያና እጀታ ካላስፈለገ አትጨምሩ። በክዳኑ ፊት መሐል ላይ፣ በታችኛው ጠርዝ፣ 24 ሚሊ ስፋትና 3 ሚሊ ጥልቀት ያለው ለስለስ ያለ ጉድጓድ ለጣት ይበቃል።

ውስጡን በዘይት አትቀቡት። ተዘግቶ የሚውል ሳጥን ውስጥ የዘይት ሽታ ለወራት አይለቅም፣ ወረቀትም ያቆሽሻል። ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) እና ስስ ሰም ይሻላል፤ የሚቀባውም ጎኖቹ ከመጣበቃቸው በፊት ነው፣ የሚጣበቁት ገጾች በቴፕ ተሸፍነው።

ሳጥኑ አልቆ ከሆነ

አሁን እጃችሁ ላይ ያለው በ18 ሚሊ የተሠራ ሳጥን ከሆነም ብዙ ማድረግ ይቻላል። የታችኛውን የውጭ ጠርዝ ዙሪያውን 8 ሚሊ በ45 ዲግሪ አንሱት፤ የወለሉ ቦይ የት እንዳለ ግን አስቀድማችሁ ለኩ። የክዳኑንና የአካሉን ጠርዝ ከፊትና ከሁለቱ ጎኖች በውስጥ በኩል 6 ሚሊ በሰያፍ አንሱ፤ ሲከፈት የሚታየው ጠርዝ ከ18 ወደ 12 ይወርዳል። ከኋላ በኩል አትንኩት፣ ማጠፊያው ሙሉውን ውፍረት ይፈልገዋል።

ክዳኑና አካሉ እኩል 45 እና 45 ከሆኑ ማጠፊያውን አውርዳችሁ ከክዳኑ የታችኛው ጠርዝ 12 ሚሊ ቁረጡ፣ ከአካሉ ስር ደግሞ 8 ሚሊ ከፍታ ያለው ዘንግ ጨምሩ። 33 ለ53 ይሆናል፣ ጠቅላላው 86። ለማጠፊያው ብሎን የሚበቃ እንጨት መቅረቱን ሳታረጋግጡ ግን መጋዝ አታንሱ።

ቁመቱ የበዛ ሳጥን ላይ ከታች ሲሶው ላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ስፋት፣ 2 ሚሊ ጥልቀት ያለው ቦይ ማውጣት ወይም በዚያው ልክ ጠቆር ያለ ቀጭን እንጨት መክተት ከፍታውን ይሰብረዋል። በ1 ሚሊ ወጣ ያለውን ክዳን እኩል እስኪሆን ላጉት። ወደ ካሬ የተጠጋውን ሳጥን ግን ከውጭ ማስረዘም አይቻልም፤ የክዳኑ ጣውላ ጅማቱ በአጭሩ በኩል ተቀምጦ ከሆነ እሱን አውጥቶ በርዝመቱ በሚሄድ ጣውላ መለወጥ ብቻ ነው የሚረዳው። ጣውላው በቦይ ውስጥ ከሆነ በእጅ መጋዝ መሐሉን ሰንጥቃችሁ አውጡትና አዲሱን ከስር በቀጫጭን ዘንጎች ደግፋችሁ አስገቡት፤ ዘንጎቹ በግድግዳው ላይ ይጣበቁ እንጂ በጣውላው ላይ ኮላ እንዳይነካ።